ጺም የሚገባበት ደጅ

አገሩን አትጠይቁኝ። ስሙን ብነግራችሁ መንገዱን ትጠይቁኛላችሁ፤ መንገዱን ብነግራችሁ ደግሞ ከደጃፉ ትመለሳላችሁና ድካማችሁ በከንቱ ይቀራል። ብቻ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ማዶ፣ በድንጋይ ግንብ የታጠረ ከተማ ነበር በሉ። ከተማው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት በሮች ነበሩት፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ወፍራም ምሰሶ ብቻ ነው። የቀኙ የአባት ደጅ ይባላል። የግራው የእናት ደጅ።

የከተማው ዋና ሕግ ይህች ናት፤ ስም ያለው ነገር ሁሉ ወይ የአባት ወገን ነው ወይ የእናት ወገን፤ የሚገባውም በወገኑ ደጅ ብቻ ነው። ወንዶች በአባት ደጅ ይገባሉ፣ ሴቶች በእናት ደጅ። ሸክም የያዘ ግን ወንድም ሆነ ሴት በሸክሙ ደጅ ይገባል። እስከዚህ ድረስ ማንም ይገባዋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዳቦ የአባት ሲሆን የተጋገረበት ዱቄት የእናት ነው። ቢላ የአባት፣ ማንኪያ የእናት። ወንበር የእናት ነው፤ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ሰፊ ወንበር ግን የአባት። ሰይፍ የእናት ሆኖ ሳለ ወተት የአባት ነው፤ ጺምም፣ ጉድ በሉ፣ የእናት ነው። ለምን እንደዚህ ሆነ ብሎ የጠየቀ ብዙ ነው፤ መልስ ያገኘ ግን አልሰማሁም።

የከተማው ሰው አይሳሳትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በሰው ቶሎ የምደነቅ አይደለሁም፤ በእነዚህ ግን ተደንቄያለሁ። ሰካራሙ እንኳ በአንድ እጁ ጠርሙስ፣ በሌላው ብርጭቆ ይዞ እየተወላገደ ይመጣና ጠርሙሱን በእናት ደጅ አስገብቶ ያስቀምጣል። ተመልሶ ይወጣል፤ ብርጭቆውን በአባት ደጅ ያስገባል። ከዚያ ጠርሙሱን ያስቀመጠበት ቦታ ይጠፋዋል እንጂ ደጁ አይጠፋውም።

ከዚህ በፊት ያልታየ ነገር ከመጣ ደግሞ አረንጓዴ ካባ የደረቡ አርባ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይመክሩበታል። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ዣንጥላ ወገኑ ገና ሳይታወቅ ከግንቡ ሥር ከቆመ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አርባዎቹም በየክረምቱ ስለ ዣንጥላው ሲመክሩ ውለው ወደየቤታቸው የሚመለሱት በዝናብ እየበሰበሱ ነው።

ወደዚህ ከተማ ነው ትርንጎ የመጣችው። ትርንጎ ወጌሻ ናት፤ የወለቀ ትከሻ በአንድ ጉተታ የምትመልስ፣ የተሰበረ ክንድ በሸምበቆ አስራ እንደ ነበረ የምታደርግ። ሙያውን ያስተማራት አባቷ ጓንጉል ነው። መንደራቸው ከወንዙ ወዲያ ነበር፤ ተራራው ተንዶ ሲውጠው የተረፉት ሰዎች ወንዙ ዳር ድረስ መጥተው ድንኳን ተከሉ። ከተማው ግን ሸክም የሚችለውን ብቻ ነበር የሚያስገባው። ትርንጎ ገባች፤ ሽማግሌው ጓንጉል ከወንዙ ዳር ቀረ።

የገባ ሰው ተሸካሚ ሆኖ ይሠራል፤ ወደ ማዶ መመለስ አይፈቀድለትም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበጋው መጀመሪያና ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ፈተና አለ። አርባ ዕቃ ይደረደርለታል። አርባውንም አንድ ሳይስት በየደጃቸው ያስገባ ሰው ባለደጅ ይባላል፤ ባለደጅ በሙያው ይሠራል፣ ከማዶም አንድ ዘመዱን ያስመጣል። አንድ ብቻ። ክረምት ሲገባ ወንዙ መሻገሪያውን መልካ ይውጠዋል፤ በዳሩ ያሉትንም ድንኳኖች ይልሳል። ባለፈው ክረምት ዐሥራ አንድ ድንኳን ከነሰው ወስዷል። ትርንጎ ይህን ታውቃለች። በየምሽቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግንቡ ላይ ወጥታ ስታይ፣ ጓንጉል ነጠላውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ ያውለበልብላታል፤ አለሁ ማለቱ ነው።

የመጀመሪያዋ ቀን አሳፋሪ ነበረች። ትርንጎ ከመንደሯ ፍርስራሽ የለቀመችውን አንድ ትርንጎ፣ ስሟን ያገኘችበትን ፍሬ፣ ለበሩ ሹም እጅ መንሻ ብላ ይዛ መጣች። ፍሬ ነው፣ ስሙም የእኔ ነው፣ እኔም ሴት ነኝ ብላ በእናት ደጅ ሰተት አለች። መንገዱ ቀጥ አለ። ጨው ነጋዴው ቆመ፣ ውሃ ቀጂዋ ቆመች፣ ዘቡ ቆመ። ሁሉም ፈገግ ብለው በአንድ ድምፅ፣ «አይ እህቴ፣ በዚያኛው» አሏት። ዱላ አልነበረም፣ ስድብም አልነበረም። ዱላ ቢሆን ይሻላት ነበር።

የበሩ ሹም ሊቀ አናቅጽ ዘውገ ይባላሉ። ሁለቱን ደጆች የሚለየው ምሰሶ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት፤ ከፊታቸው ሁለት ሰው እየተረዳዳ ገጹን የሚገልጥበት ትልቅ መዝገብ አለ። ቀጭን ሰው ናቸው፣ ሲናገሩም ድምፃቸው ከፍ አይልም። እጅ መንሻውን አዩና፣ «ፍሬ ሁሉ የእናት ነው፤ ትርንጎ ግን የአባት ነው። ዞረሽ አምጪው» አሏት። ዞራ አመጣችው። አመስግነው ተቀበሏትና መዝገባቸው ላይ «አንድ ስህተት» ብለው ጻፉ።

ትርንጎ ብልህ ሴት ናት፤ የብልህ ሰው በሽታ ደግሞ ምክንያት መፈለግ ነው። ጠንካራው የአባት፣ ለስላሳው የእናት ይሆናል አለች፤ ጠረጴዛ የእናት ሆኖ አገኘችው። የሚቆርጠው የአባት ነው አለች፤ ቢላዋ ተስማማላት፣ ሰይፉ ከዳት። ለአምስት ቀን የሠራችው ሕግ በስድስተኛው ቀን ይፈርሳል። ቢሆንም ዕቃውን አንድ በአንድ በቃሏ ይዛ፣ በበጋው መጀመሪያ ፈተና ሠላሳ ስምንቱን ሳትስት አስገባች። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። ሠላሳ ዘጠነኛው የሕፃን አልጋ ነበር።

እዚህ ላይ የትርንጎን አገር ልማድ ልንገራችሁ። በእነሱ ዘንድ ሰው ትንሹን ነገርና የሚወደውን ነገር በግራው፣ በልቡ በኩል ያቅፈዋል፤ ትልቁንና የሚፈራውን በቀኝ ትከሻው ይሸከመዋል። ያው ዕቃ ዛሬ በቀኝ፣ ነገ በግራ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ባለቤቱ ልብ ነው። ትርንጎም ያችን ትንሽ አልጋ ስታያት፣ ተራራው የበላቸው የመንደሯ ሕፃናት ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ሳታስበው በግራዋ አቀፈቻት፤ እግሯም ልቧን ተከትሎ በእናት ደጅ ገባ። ይህን ስህተት በዓለም ላይ የሚሠራ ከትርንጎ አገር ሰው በቀር የለም።

«አይ እህቴ» አለ ሕዝቡ፤ አንዳንዱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ሠላሳ ስምንት ትክክል፣ አንድ ስህተት» አሉ ሊቀ አናቅጽ ዘውገ። «አርባኛውን ማየት አያስፈልግም።»

ያን ቀን ትርንጎ ግንቡ ላይ አልወጣችም፤ ነጠላውን ማየት አልቻለችም። የጨው ሸክም የምትሸከምላቸው እማማ ስንዱ ከሱቃቸው ደፍ ላይ አስቀመጧት። እማማ ስንዱ ሰባ ዓመት ጨው የሸጡ፣ በሁለት በር የተወለዱ፣ በሁለት በር ያረጁ ሴት ናቸው።

«እማማ፣ የሕፃን አልጋ እንዴት የአባት ይሆናል? የትኛው አባት ነው እሹሩሩ ሲል ያደረ?» አለቻቸው እያለቀሰች።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ።»

«ታዲያ እንዴት ነው የማይሳሳቱት?»

«አንቺስ ስትጎርሺ አፍሽ የት እንዳለ ማን ይነግርሻል?» አሉና ሳቁ። «ስሚኝ። ለምን የሚሉት ነገር በሁለቱም ደጅ አይገባም፤ ውጭ ጥለሽው ነይ። የአንቺ ጥፋት ምን መሰለሽ? ዕቃውን ለብቻው ታነሺውና ከደጁ ስትደርሺ ወገኑን መፈለግ ትጀምሪያለሽ። ዕቃ ለብቻው አይነሳም። ገና ስትነኪው ከነደጁ አንሺው። ጨው ብለሽ አታንሺ፤ የአባት ጨው ብለሽ አንሺ። ውሃ ብለሽ አትቅጂ፤ የእናት ውሃ ብለሽ ቅጂ። ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል አልሰማሽም?»

ትርንጎ እንባዋን አቆመች። ይህን ነገር ሌላ ቦታ ሰምታዋለች። ገና ሙያውን ስትጀምር አባቷ አንድ አጥንት እጇ ላይ አስቀምጦ ስሙን ነገራት፤ በማግስቱ ሲጠይቃት ስሙን ጠራች፣ የት እንደሚገጥም ግን አላወቀችም። «አጥንትን ለብቻው አትማሪው» ብሎ ነበር ያን ጊዜ። «መገጣጠሚያው የሌለው አጥንት ድንጋይ ነው።» ወጌሻዋ ትርንጎ አራት ወር ሙሉ ድንጋይ ስትሸከም ኖራለች ማለት ነው። በራሷ ሳቀች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ራቁቱን አላነሳችም። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የአባት ፀሐይ ብላ፣ ፊቷን ስትታጠብ የእናት ውሃ ብላ፣ ዳቦዋን ስትቆርስ የአባት ዳቦ ብላ። እያጉረመረመች ስትሄድ ያያት ሁሉ አበደች አለ። እማማ ስንዱ ደግሞ ወገን በወገን ያስተምሯታል፤ ፍሬ በእናት ደጅ ሲገባ ያፈራው ዛፍ በአባት ደጅ እንደሚገባ፣ ከዛፉም ቅርንጫፉ፣ ቅጠሉና ሥሩ የእናት፣ ግንዱ ግን የአባት እንደሆነ። ከየቤቱ ደግሞ ከሃዲ አይጠፋም፤ እንደ ትርንጎ ፍሬ ያሉትን ከሃዲዎች ለብቻቸው በቃል አስያዟት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የትርንጎ እግር ከትርንጎ ራስ ቀድሞ ማወቅ ጀመረ።

ከዚህም በላይ አንድ ያላሰበችው ነገር መጣባት። ያን ከተማ ወደደችው። ጠዋት ጠዋት ግንቡ ላይ ሆና ስታይ፣ ሕዝቡ ሁለት ወንዝ ሆኖ ሲፈስ፣ ማንም ማንንም ሳይገፋ፣ ማር የያዘው በቀኝ፣ ሰም የያዘችው በግራ ሲገቡ ታያለች። ያንን ማርና ያንን ሰም የሠራች አንዲት ንብ ናት፤ ከደጁ ሲደርሱ ግን ተሰነባብተው እየተለያዩ፣ ውስጥ ገብተው እንደገና ይገናኛሉ። በዚህ ከተማ ዘመድ የሌለው ዕቃ የለም፤ የተሰበረች ማንኪያ እንኳ የምትገባበት ደጅ አላት። ትርንጎ ይህን ስታይ ደስታም ቅናትም ነበር የሚሰማት፤ ከማዶ ያለው አባቷ ከማንኪያ አነሰ እንዴ እያለች።

አንድ ቀን ግንቡን የሚጠግን አንድ ግንበኛ፣ ጉልበቱ በሬ የሚያህል ወንድ፣ ከመወጣጫው ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሰዎች አፋፍሰው አነሱት፤ ከነመዶሻው፣ ከነመሮው፣ አፈር እንደለበሰ በእናት ደጅ ይዘውት ሮጡ።

«እማማ!» አለች ትርንጎ። «ወንድ አይደለም እንዴ? መዶሻውስ የአባት አይደለም?»

«የተጎዳ ሰው የእናት ነው። ወንድ ይሁን ሴት፣ ንጉሥ ይሁን ለማኝ፣ ከነሁለመናው የእናት ነው። ሲድን ወደ ራሱ ደጅ ይመለሳል። ያንን ዘብ አታዪውም? ሪዙ ይህን የሚያህል፤ የዘብ ካባውን ከለበሰ ግን በእናት ደጅ ነው የሚገባው፤ ዘብ የእናት ነውና። አንቺም ነገ የወጌሻ ቀበቶ ስትታጠቂ፣ የእናት ሸክም ብትይዢ እንኳ በአባት ደጅ ትገቢያለሽ። ወጌሻ የአባት ነው፤ ሴትም ብትሆን።»

ትርንጎ ለምን ብላ አልጠየቀችም። «የእናት የተጎዳ፣ የእናት ዘብ፣ የአባት ወጌሻ» እያለች የጨው ሸክሟን አንስታ ሄደች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ፈተናው ደረሰ። በተራሮቹ ላይ ደመናው ጠቁሯል፤ ወንዙም ደፍርሷል። ትርንጎ ዕቃዎቹ ፊት ቆማ የምታየው ዕቃውን አልነበረም፤ ምሽት በምሽት የምትውለበለበውን ነጠላ ነበር፤ ውሃው ከድንኳኑ ስንት እርምጃ ቀርቶታል እያለች ነበር የምታስበው። አነሳች፣ ገባች፣ ወጣች፣ አነሳች። ሲቆይ የሕፃኑ አልጋ መጣ። በግራዋ አቀፈችው፣ እንዳገሯ ልማድ፤ እግሯ ግን በአባት ደጅ ይዟት ገባ። አስቀምጣ ወጣችና ቀጥሎ የሚነሳ ዕቃ ብትፈልግ የለም።

«አርባኛው የት ሄደ?» አለች ደንግጣ።

«አሁን ያስገባሽው ነው» አሉ ሊቀ አናቅጽ ዘውገ። ከዱካቸው ተነሡ፤ ለተሸካሚ ሲነሡ ታይተው አያውቁም። «አርባ ትክክል። እንኳን ደስ ያለሽ ባለደጅ።» ቀዩንም የወጌሻ ቀበቶ በገዛ እጃቸው አስታጠቋት።

ከዚያ ጊዜ አላጠፋችም። መልካው ገና ጉልበት ድረስ ነበር። ጓንጉልን ከድንኳኑ አውጥታ፣ ክንዱን በትከሻዋ ይዛ፣ በዱላው እየተመረኮዘ ወንዙን አሻገረችው። ሽማግሌው ከመካከል ላይ አንድ ጊዜ ድንጋይ አንሸራተተውና ተንገዳገደ፤ «ምንም አልሆንኩም፣ ሂጂ» አላት። ከደጁ ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ መግቢያዋ ተጠግታለች። በሮቹ የሚዘጉት ፀሐይ ስትገባ ነው።

ሊቀ አናቅጽ ዘውገ ጓንጉልን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ዓይናቸው ደረቱ ላይ የተዘረጋው ነጭ ጺም ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሰውየው በአባት ደጅ ይገባል» አሉ። «ጺሙ በእናት ደጅ።»

ትርንጎ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ጌታዬ፣ የከተማው ወንዶች ሁሉ ጺም አላቸው እኮ!»

«ግንብ ውስጥ የበቀለ ጺም ከባለቤቱ ጋር ይቆጠራል። ይሄኛው የበቀለው ውጭ ነው፤ ከውጭ የመጣ ነገር ደግሞ በወገኑ ይገባል።»

«እንግዲያው እንደ ሸክም ይቆጠርና ሁለቱም በእናት ደጅ ይግቡ።»

«ሸክም ማለት ወርዶ የሚቀመጥ ነው» አሉ ሊቀ አናቅጽ ሳይቆጡ። «ያስቀምጠው እስኪ እንይ።» ቀጥለውም ከዛፉ ሥር ያለውን የላጪ ዱካ አሳዩአት። «ይላጭና ይግባ። የተላጨውን ጺም በመሐረብ ቋጥረሽ በእናት ደጅ ታስገቢለታለሽ። ሕጉ ጨካኝ አይደለም።»

ትርንጎ ወደ አባቷ ዞረች። ጓንጉል ራሱን እየነቀነቀ ነበር።

«ይህን ጺም ምላጭ ያልነካው እናትሽን ከቀበርኩ ጀምሮ ነው። ሳንገናኝ አልላጨውም ብያታለሁ። መቃብሯ ተራራው ሥር ቀረ፤ አሁን በእጄ ያለው ይሄ ብቻ ነው። የእኔ አይደለም ልጄ፣ የእሷ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉ ሊቀ አናቅጽ ዘውገ። «የእናት ነው።»

ከወንዙ ላይ የሚጎርፍ ውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ከወደ ተራራው ዘንቧል ማለት ነው። ጓንጉል ዱላውን አንስቶ፣ «በቃ ልመለስ። አንቺ ገብተሻል፤ ለእኔ ይበቃኛል» ብሎ ወደ መልካው ዞረ። ሁለት እርምጃ ሲሄድ ግራ እግሩን አነከሰ። ትርንጎ ወጌሻ ናት፤ እግር ሲያነክስ አይታ አታልፍም።

«አባዬ ቁም። እግርህን ምን ሆነሃል?»

«ቅድም መልካው ላይ ነው። አንድ ጉተታ ነው የሚፈልገው፤ ጎትቺልኝና ልሂድ።»

ተንበረከከችና ቁርጭምጭሚቱን ዳሰሰችው። አብጧል። ጣቶቿ አጥንቱን አገኙት፤ ወለምታ አይደለም፣ ውልቃት ነው፣ ከመገጣጠሚያው ወጥቷል። ተረከዙን በአንድ እጇ፣ ቁርጭምጭሚቱን በሌላው ያዘች። ሕይወቷን ሙሉ የወለቀ አጥንት በእጇ ይዛ ሳትመልስ ለቃ አታውቅም። ልትጎትት ትንፋሿን ሳበችና ቆመች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ጓንጉል ጥርሱን ነክሶ።

«አልጎትትም።»

«ምን አልሽ?»

«አሁን አልጎትትም አባዬ። ቻለው።» እግሩን ለቀቀች። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው እንግዲህ፤ ከመሬት ተነሣችና ሊቀ አናቅጽን ጠራች። «ጌታዬ፣ እባክዎ መጥተው እግሩን ይዩልኝ።»

መጡ። አዩ።

«የተጎዳ ሰው ወገኑ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

ገጽ ገላጮቹ መዝገቡን ሊገልጡ እጃቸውን ሰደዱ፤ ሊቀ አናቅጽ በእጃቸው ከለከሏቸው። የማይሳሳት ሰው ናቸው፤ መልሱን ያውቁታል፣ መልሱም ወዴት እንደሚወስዳቸው ገብቷቸዋል።

«የእናት» አሉ ቀስ ብለው።

«ጺሙስ?»

«የእናት።»

«ዱላው፣ ልብሱ?»

«ከነሁለመናው።» ወደ ትርንጎ ዞረውም፣ «አንቺ ወጌሻ አይደለሽም እንዴ? ለምን አልመለስሽለትም?» አሏት።

ትርንጎ ቀዩን ቀበቶ ከወገቧ ፈታች። በዚህ ቀበቶ በእናት ደጅ መግባት እንደማትችል አልረሳችም። አጥፋ ለዘቡ ሰጠችው። «አሁን ወጌሻ አይደለሁም ጌታዬ። ልጁ ነኝ።»

ሊቀ አናቅጽ ዘውገ ወደ ምሰሶው ተመልሰው ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። ብዕራቸውን ነክረው «ተጎጂ፣ አንድ፣ በእናት ደጅ» ብለው ጻፉ። ሲጽፉ ፈገግ ብለው ነበር የሚሉ አሉ፤ ዘቡም ካባውን ወደ አፉ አድርጎ ሲስቅ ታይቷል።

ትርንጎ አባቷን በጀርባዋ አዘለችው። ከደፉ ሲደርሱ ግን ጓንጉል፣ «ቆይ» አላት። ይህ ሽማግሌ በመንደሩ ከሰው ፊት እግሩን አጥፎ እንኳ የማይቀመጥ ኩሩ ሰው ነው፤ በኩራቱ ነገሩን እንዳያበላሽባት ፈራች።

«እኔ ጓንጉል፣ በእናት ደጅ ልግባ?» አለ። ቀና ብሎ የደጁን ጉልላት አየ፤ ጺሙን በመዳፉ ዳበሰ። ከዚያ ጀርባዋ እስኪነቃነቅ ድረስ ሳቀ። «ኧረ ግቢ ልጄ! መጀመሪያስ ወደዚህ ዓለም በየት በኩል ገባሁና ነው!»

ገቡ። መንገዱ ላይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ጨው ነጋዴው፣ ውሃ ቀጂዋ፣ እማማ ስንዱም ከሱቃቸው ወጥተው። አንድም ሰው «አይ» አላለም። ዘቡ ቀበቶዋን መለሰላት፤ ታጠቀችና እዚያው ደጃፉ ላይ ተንበርክካ አጥንቱን በአንድ ጉተታ መለሰችው። የጓንጉል ጩኸት በሁለቱም በሮች ወጣ።

በማግስቱ ከግንቡ ላይ ሆነው ሲያዩ የጓንጉል ድንኳን የነበረበት ቦታ ውሃ ሆኗል። የቀሩት ሰዎች ወደ ኮረብታው ሸሽተው ተርፈው ነበር፤ ውሃው ሲጎድል ለተሸካሚነት የገቡትን ልጆቻቸውንም ትርንጎ ከእማማ ስንዱ ሱቅ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ ዕቃን ከነደጁ ማንሳት አስተማረቻቸው። ብዙዎቹ ባለደጅ ሆኑ፤ አባቶቻቸውንም አንድ በአንድ አስመጡ።

ዣንጥላው እስካሁን እዚያው ግንቡ ሥር ነው ይላሉ። ጺማም ሽማግሌ ግን ከደጅ ቆሞ ቀርቶ አያውቅም። ከማዶ የሚመጣ ጺማም ሁሉ ወንዙን ሲሻገር ደህና ይራመድና፣ ከደጁ ሃያ እርምጃ ሲቀረው ማነከስ ይጀምራል። ሊቀ አናቅጽ ዘውገም አርጅተዋል፤ ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ፣ «የትኛው እግር ነው?» ብቻ ይላሉ።